ስልሳ ሦስተኛዋ

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከመስኮት ኋላ ሆኜ፣
የሰው ስም ጠራሁኝ በደሞዝ ታምኜ።
ደምበጫ ጤና ጣቢያ፣ ካርድ ክፍል፣
"ቀጣይ!" ስል የሚነሳው፣ "ቀጣይ!" ስል የሚመጣው፣
ከነሳሉ፣ ከነልጁ፣ ከነዱላው፣ ከነፎጣው።
ወንድሜ ይበልጣል፣ ወፍጮ ቤት የሚሠራው፣
"ድምፅሽ ሞተር ያስነሳል" እያለ ነው የሚያወራው።

ማስታወቂያው ፋርማሲው አጥር ላይ ተለጥፏል፤
ለሬዲዮ ድራማ፣ ድምፅ ያለው ይፈለጋል፤
ሐሙስ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ባህል አዳራሽ።
"ልምድ አይጠየቅም" የሚለውን ሦስቴ አነበብኩት።
ከዚያ ፈቃድ ለመጠየቅ አክስቴን ገደልኳት፣
ያችኑ፣ አምና ለሠርግ የገደልኳትን።

ሚኒባሱ አማኑኤልን ሲያልፍ፣ ልቅሶ ልለምድ አስቤ፣
ወደ መስኮቱ ዞርኩና፣ ነጠላዬን ተከናንቤ፣
ያለ ዕንባ ስንሰቀሰቅ፣ ከጎኔ ያሉት ሽማግሌ
"ማን ሞተብሽ ልጄ?" አሉኝ።
"አክስቴ" አልኳቸው።
ነፍስ ይማር ብለው አሥር ብር አስጨበጡኝ፤
እንቢ ብል፣ ሞቼ እገኛለሁ አሉ።
ብሩ እስከ ማርቆስ መዳፌ ውስጥ ላበው።

አዳራሹ ጓሮ፣ ግድግዳው ብርድ ልብስ ለብሶ፣
ስልሳ ምናምን ሰው ቆሟል፣ የየራሱን ቃል ነክሶ።
አንዱ ተማሪ ንጉሥ ነው፤
አንዲት መምህርት ብቻዋን ትስቃለች፤
ከሽንት ቤቱ ኋላ አንድ ትራፊክ ፖሊስ
ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ሙሾ ያወርዳል።
ቁጥሬ ስልሳ ሦስት።
ለተራ ሰውማ ተራ መጠበቅም ተራራ ነው።

"ቀጣይ!" አለች አንዲት ልጅ፤
የኔን ቃል፣ በኔው አጠራር፣ ቀና ሳትል።
እግሬ እንቢ አለ።
ለካ እንዲህ ነው፣ ለካ ይከብዳል።

ከመስታወቱ ወዲያ ሦስት ሰዎች፤ አንዱ ሳምቡሳ ይበላል።
"ስም?"
"አንጓች ልየው።"
"ሌሊት ነው። በር ተንኳኳ። ውስጥ ነሽ። 'ማነው?' በይ።"
"ከዚያስ?"
"በቃ። ሦስቴ፣ ሦስት ዓይነት አድርገሽ።"

መጀመሪያ እንደ ፈሪ። "ማነው?"
ደጅ ያለው ጅብ ይሁን ዕዳ እንዳልለየች ሴት፣
መቀነቴን ጨብጬ።
ሁለተኛውን በቁጣ። እሱንማ ማን ያክለኛል!
ሰውየው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፣
ሳምቡሳው አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ።
"ሦስተኛውን፣ ስትጠብቂው የኖርሽው ሰው ነው ብለሽ።"

የምጠብቀው ሰው የለኝም ልል አፌን ስከፍት
ሽባባው ታከለ መጣብኝ።

አምና፣ በሰኔ። ካርዱን አወጣሁና
"ሽባባው ታከለ!" አልኩ። ዝም።
"ሽባባው ታከለ!" ዝም።
ሦስተኛውን እየጮህኩ፣ "ጆሮ የለህም እንዴ!" ብዬ።
አግዳሚው ላይ ነበር፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣
ካርዱን ለኔ ትቶ፣ ተራውን ሳይጠብቅ አልፎ።
ማንም አላየ።
አንድ ሕፃን ብቻ የጫማውን ክር ይጎትት ነበር።

"ማነው?" አልኩ ወደ ማይኩ፣
ቀስ ብዬ፣
መቀርቀሪያ እንደሚያነሳ ሰው።

ልጅቷ ማዳመጫዋን አወለቀች።
ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይሰማል፤
ለካ እስከዚያ ድረስ ይዘንብ ኖሯል።
ከዚያ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና
"እናመሰግናለን፤ እንደውላለን። ቀጣይ!"

አርብ ጧት መስኮቴ ላይ ነኝ።
"እግዜር ያጥናሽ" ይሉኛል ስለ አክስቴ፤
"አሜን" እላለሁ፣ ምን ልበል።
አሁን አሁን ስም ከመጥራቴ በፊት
አግዳሚውን ከዳር እስከ ዳር አያለሁ፤
ሰልፉ ረዝሟል፣ ኃላፊው ሁለቴ ገሥጾኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ስልኬ ጠራ፤
የማላውቀው ቁጥር።
"ማን ልበል?" ማለት ነበረብኝ፣ እንደ ወጉ፤
"ማነው?" አልኩ፤
ከሦስቱ በየትኛው እንደወጣ ግን
እኔም አልሰማሁት።